አባባ ወደ ባሕሩ የወረደ ዕለት

ዛሬ ጠዋት፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ባለው ሱቃችን በር ላይ፣ ከደርባን የተመለሱ አንዲት አሮጊት ደንበኛችን ለፈውስ ያመጡትን የባሕር ውሃ ጠርሙስ ከፍተው አፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ። የጨው ሽታው ወደ ልጅነቴ ይዞኝ ሄደ።

ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ለገና ሱቁን ዘግተን ከአባቴ ጋር በባሕሩ ዳርቻ ወዳለች ትንሽ ከተማ ሄድን። ጠዋት ጠዋት ጦጣ የሚንጫጫበትን ጫካ እናቋርጣለን፤ ቅጠሉ ጤዛውን አንገታችን ላይ ያንጠባጥባል። ጫካው ሲያልቅ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ባሕሩ እንደ ተኛ ሰው ይተነፍሳል። እኔ በቀጭኗ መንገድ ወርጄ አሸዋው ላይ ዛጎል ስለቅም፣ አባባ ከአፋፉ ሆኖ ያየኛል እንጂ አይወርድም።

በመጨረሻው ቀን «አባባ፣ ለምን አትወርድም?» አልኩት።

«ከአገር ወጥተን በጀልባ ወደዚህ ስንሻገር ወንድሜ አብሮኝ ነበር። ማዕበሉ ሲመታን እጁ ከእጄ አመለጠ» አለኝ።

እስከዚያ ቀን የአጎቴን ስም እንጂ አሟሟቱን አላውቅም ነበር። እጁን ይዤ ሳብ አደረግሁት። ጫማውን አውልቆ ተከተለኝ። ውሃው እግሩን ሲነካው ጎንበስ ብሎ በአገሩ ቋንቋ፣ በሃዲይኛ፣ ቀስ እያለ ማውራት ጀመረ። እኔ ያደግሁት በአማርኛና በዙሉ ቋንቋ ስለሆነ አልገባኝም።

«ምን አልክ?»

«ላንቺ አይደለም፤ ለአጎትሽ ነው» አለኝ።

ኋላ ሃዲይኛ ተማርኩ። የዚያን ቀን ቃላት ግን ጠፍተውብኛል፤ የቀረኝ የድምፁ ዜማ ብቻ ነው። አባባ አሁን ሱቁ ውስጥ መደርደሪያው ጋ ዳቦ ይደረድራል፤ ምን ብሎት እንደነበር ልጠይቀው እልና ቀጣዩን ዳቦ አቀብለዋለሁ።