የሦስተኛው ፎቅ ፊሽካ

የእኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ ማንንም አታምንም። ደንበኛ «ወገቤ ሰባ ነው» ቢላት ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ፣ ለክታ፣ ደግማ ለክታ ነው ጨርቅ የምትቆርጠው። በሬ ከበሯ ፊት ለፊት ስለሆነ አውቃታለሁ። ክፉ ሴት አይደለችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ በአንዲት የስፌት መኪና አንዲት ልጅ አሳድጋለች። ቅናት ግን አለባት፤ የምትቀናውም በገንዘብ ሳይሆን በዚህችው ልጇ ነው።

ልጅቷ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ባለፈው ዓመት መሬት ነቅነቅ ብላ የሕንፃው ሰው ደረጃው ላይ ሲጋፋ ካየች በኋላ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ክበብ አቋቋመች። ቁም ሣጥኖቻችንን በብረት ከግድግዳ ጋር ያሰሩልን፣ ጠረጴዛ ሥር ገብተን እግሩን ጨብጠን እንድንቆይ ያስተማሩን እነሱ ናቸው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ገብቼ ወገቤን ይዞኝ ሁለት ተማሪዎች ጎትተው አወጡኝ፤ እሱ ይቅር።

እናትየው የተማሪዎቹን ብርቱካንማ ሰደርያ በነፃ ሰፋችላቸው። አንዱን ግን ኪስ ጨምራ፣ ጠርዙን አሳምራ ለብቻው ሠራችው። የፎቁ ሰብሳቢ የሚለብሰው ነው ተብላለች። ሰብሳቢ ማለት መንቀጥቀጡ ሲቆም ፊሽካ ነፍታ ሰዉን ሕንፃው ፊት ወዳለው ሜዳ የምታወርድ፣ እዚያም የምትቆጥር ሰው ናት። ማን እንደምትሆን አልጠየቀችም። በራሷ ልክ ሰፋችው።

ልጅቷ ሰደርያውንም ፊሽካውንም ለእትዬ ሂሳብ ሰጠች።

እትዬ ሂሳብ ጎረቤታችን ናት፤ ዕድሜዋን የጨረሰችው በአውቶቡስ ትኬት ቆራጭነት ነው። ስሙን ያወጣንላት ቀኑን ሙሉ ስትጠራው ከኖረችው ቃል ነው። ድምፅዋ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ይሰማል። ሰደርያው ጠቧት ቁልፉ አልገጥም አለ። እሷ ሳቀች፤ ልጅቷም አብራት እየሳቀች እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ልብስ ሰፊዋም ሳቀች፤ እያረረ እንደሚስቅ ማሽላ።

ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኳች።

«ልጄን አዩዋት ጋሼ? እኔን እንደዚያ አይታኝ ታውቃለች?»

«እንደምን?»

«እንደዚያ ነዋ። እኔን ቀና ብላ የምታየኝ ምሳ ቀርቧል ስላት ነው።»

«እትዬ ሂሳብን የመረጠቻት እኮ ድምፅ ስላላት ነው።»

«እኔ ዲዳ ነኝ?»

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ከእትዬ ሂሳብ ጋር ስታወራ የስፌት መኪናው ቀጥ ይላል። ወሬው ሲያልቅ መኪናው እንደተቆጣ ሰው ይንጣጣል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ልምምዱ ቀን ደረሰ። ተማሪዎቹ ሜዳው ላይ ሆነው ጠበቁን። እትዬ ሂሳብ ፊሽካውን ነፍታ በየበሩ አንኳኳች። ልብስ ሰፊዋ ከውስጥ «መጣሁ» አለቻት። እትዬ ሂሳብም «ጎሽ» ብላ አለፈች፤ እኛም ተከትለናት ወረድን።

መጣሁ ያለችው ግን ልትመጣ አልነበረም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ አንድ ሰው ሲጎድል ቆጠራው ይበላሻል፤ ልጅቷ ምርጫዋ ስህተት መሆኑን ታያለች፤ ከዚያ እናቷን ፍለጋ በደረጃው እየሮጠች ትመጣለች። ይህን አስልታ ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ ሥር ገብታ ተቀመጠች። የእግር ኮቴ ለመስማት ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። ማንም አልመጣም።

ሜዳው ላይ እትዬ ሂሳብ ቆጥራ «ሦስተኛ ፎቅ ሞልቷል» አለች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ ልጅቷም አጨበጨበች። ይህን ጊዜ ከላይ መስኮት ተከፈተ።

«ማነው የሞላው?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔ እዚህ ነኝ።»

ልንስቅ ጀምረን የልጅቷን ፊት ስናይ ተውነው። ደም የሚባል አልቀረበትም።

«በዓይን ያልታየ ሰው አይቆጠርም ተባብለን አልነበር፣ እትዬ?»

እትዬ ሂሳብ አቀረቀረች። «የአውቶቡስ ልማዴ ነው ልጄ። እዚያ መጣሁ ብሎ የሚሮጥ ሰው እንደተሳፈረ ነው፤ ወንበር ይዤለት ነው የምቆጥረው። እናትሽ መጣሁ ስትለኝ ቆጠርኳት።»

ልብስ ሰፊዋ ወረደች። ልጄ ሮጣ ታቅፈኛለች ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ፀጉሯን አስተካክላ ነበር። ልጅቷ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ «እማዬ፣ ሆን ብለሽ ነው?» አለቻት። እናት ሜትሯን ጣቷ ላይ ትጠቀልል ጀመር።

እትዬ ሂሳብ ፊሽካውን ከአንገቷ አወጣች፤ ሰደርያውንም አወለቀች።

«ለእሷ ስጪው» አለች። «እኔ መጣሁ ያለኝን ሁሉ አምናለሁ። እውነተኛው ቀን ቢመጣ ሰው ፍርስራሽ ሥር ጥዬ ሞልቷል እላለሁ። ለእናትሽ ግን ማመን ቀብሮ ነው፤ በእጇ ካልነካችው አትቆጥረውም። ለዚህ ሥራ እሷ ትሻላለች።»

ሽሙጥ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። ከልቧ ነበር።

ልጅቷ ጥቂት አስባ ፊሽካውን እናቷ አንገት ላይ አጠለቀች። ሰደርያው ልክክ አለላት። ልምምዱ እንደገና ሲደረግ ልብስ ሰፊዋ ትከሻ ትከሻችንን እየነካች ቆጠረችን፤ ተጠራጥራም ደገመችን። አንድም ሰው አልጎደለም።

«ጎበዝ እማዬ» አለቻት ልጅቷ። ይህን ብላ ሄዳ የቆመችው ግን ሜዳው ጫፍ ላይ ብቻዋን ከቀረችው ከእትዬ ሂሳብ ዘንድ ነው። እጇን ይዛ ቀና ብላ አየቻት። ልብስ ሰፊዋ ያን አስተያየት ቆማ ተመለከተች።

ደረጃውን አብረን ወጣን። በሯ ጋ ስንደርስ ቁልፏን እየፈለገች ቆመች።

«አዩልኝ ጋሼ» አለችኝ። «ፊሽካውን ለእኔ ለቅቃ ደግነቱን እንኳ ቀደመችኝ።»