ሰይድ ያልሠራው ኮምፒውተር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህችን እዘላታለሁ፤ የኮምፒውተር ነገር ነው፣ አይገባቸውም እያልኩ። ለአንተ ለማታውቀኝ ግን ልናገረው።

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው አጠገብ ከሰይድ ጋር በአንድ ክፍል ኮምፒውተር እንጠግን ነበር። ቤቱም መፍቻውም የጋራ ነበር። አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ያላቸው እትዬ ዘነበች ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝተው አመጡልን። አዲስ ሲስተም ጫንኩበት። ከሙቀት መለኪያው በቀር ሁሉም ሠራ። መለኪያው ካልታወቀ ደግሞ ማራገቢያው አይነሳም።

ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ማንነቱን የሚናገር መለያ አለው፤ ፋብሪካው ፈርምዌር በሚባለው፣ ከዕቃው ጋር አብሮ በሚመጣው ፕሮግራም ውስጥ ይጽፈዋል። ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ያን መለያ አይቶ ነው ዕቃውን የሚያዘው። ለአጻጻፉ ደንብ ወጥቶለታል። የዚያ ኮምፒውተር አምራች ግን ደንቡን ትቶ ከራሱ የፈጠረውን ፊደል ደርድሮበታል፤ ድራይቨሩም አላውቅህም አለ። ምናለ እንደ ሰው ቢጽፉት? በዚያ ሙቀት ግማሽ ቀን ስታገለው ዋልኩ። አምራቹን ሰደብኩ፣ የሚቆራረጠውን መብራት ረገምኩ።

ትክክለኛውን መንገድ አላውቅም ነበር አልልም። አውቀው ነበር። የመለኪያውን ዓይነት አጣርቶ፣ ሙቀቱን ወደ ቁጥር የሚቀይርበትን ስሌት አረጋግጦ፣ ለብቻው ድራይቨር መጻፍ ነው። ሰይድም ይደር፣ ነገ አብረን እንለካዋለን ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሰልችቶኝ ነበር። ያን እንግዳ መለያ ወስጄ፣ ድራይቨሩ ከሚያውቃቸው የሌላ መለኪያ መለያዎች ጎን ጻፍኩት። ድራይቨሩ አመነኝ። ቁጥር መጣ፣ ያውም ቀዝቃዛ ቁጥር፤ ማራገቢያውም ያን አምኖ ቀስ ብሎ ብቻ ይዞራል። ሳጥኑን በእጄ ብነካው ቁጥሩ ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ለምን አልነካሁም? እንዳላውቅ ነዋ። ለሰይድ ግን ለክቼዋለሁ ብዬው ምሳ ልበላ ወጣሁ። እትዬ ዘነበች ሲመጡ ያስረከባቸው እሱ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ እትዬ ዘነበች መንገድ ላይ አስቆሙኝና ኮምፒውተሩ በጣም እንደሚግል ነገሩኝ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው ይደነግጣል። እኛ ዘንድ ግን ወንበሩም ይግላል፣ የቧንቧው ውሃም ይግላል።

«አገሩ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

አመኑኝ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ የሠራሁት ሥራ ትዝ ብሎኛል። ቤታቸው ጥቂት እርምጃ ነበር፤ ብገባ አስተካክለው ነበር። አልገባሁም።

ማዘርቦርዱ፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ተቃጠለ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሚያሳትሙበት ሰሞን የእትዬ ዘነበች ሥራ ቆመ። ተናደው ሲመጡ ሰይድ ለጁምዓ ሶላት ወጥቶ ነበር። ማነው የሠራው አሉኝ። ያስረከበዎት ሰው ነው አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፣ ቃሉን አፌ ላይ ያስቀመጠልኝ የለም።

ወሬው ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ተዳረሰ። ሰው በር ላይ ቆሞ፣ ሰይድ እንዳይነካብኝ፣ አንተ ራስህ ሥራልኝ ይለኝ ጀመር፤ እሱ እየሰማ። ሰይድ የተቃጠለውን ኮምፒውተር ዲስክ አውጥቶ ሲያይ፣ ድራይቨሩ ውስጥ የጻፍኩትን አገኘው። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«እኔ አልነግራቸውም» አለኝ። «አንተ ትነግራቸዋለህ።»

እሺ አልኩት። ጠበቀኝ። ጠዋት ጠዋት እየመጣ፣ የሚሠራው ሳይኖር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። በመጨረሻ መፍቻዎቹን ሁሉ ትቶልኝ አጣዬ ገባ። አሁን እዚያ ባጃጅ ይነዳል ይሉኛል፤ እንደዚያ የሚሠራ እጅ ይዞ።

በአምራቹ ተናድጄ ነበር፣ ሙቀቱም አናዶኝ ነበር። ታዲያ ምላሴንም ያንቀሳቀሰው ሙቀቱ ነው? አይደለም። አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተን አልበደልኩህም። ይቅር በለኝ ልለው የሚገባኝ ሰው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ወደ እሱ የሚሄደው መኪና ከደጄ ነው የሚነሳው። አልተሳፈርኩም።

እትዬ ዘነበች ዛሬም ደንበኛዬ ናቸው። ባለፈው ሳምንት የእህታቸውን ልጅ ከነላፕቶፗ ይዘዋት መጡ። ልጅቱ ለማላውቀው ሰው እንዴት ትቼ እሄዳለሁ ብላ አመነታች።

«ስጪው» አሏት። «እሱ አይዋሽም።»

ላፕቶፑን ተቀበልኳት።