ኡባህ የት ናት?

የታሰርኩበት ክፍል ከዚያ በፊት የዱቄት መጋዘን ነበር። ይህን ያወቅኩት ግድግዳውን ተደግፌ ቆይቼ ስነሳ ጀርባዬ ነጭ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር አንድ ብሎኬት ተነቅሎ የቀረ ቀዳዳ አለ፤ ብርሃን የሚገባው በእሱ ነው። ያመጡኝ ሰዎች ከየት እንደሆኑ ጠይቄያቸው ነበር። “ትደርስበታለህ” አሉኝ። እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።

ለውጥ መጣ ከተባለ ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው። ጅግጅጋ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ከመሃል አገር ተመድቤ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከመያዜ ከሳምንት በፊት በመምህራን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ከሥራ የታገዱት ሁለት ባልደረቦቻችን ጥፋታቸው ምን እንደሆነ ጠይቄያለሁ። መድረክ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ስሜን ሲጽፍ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ሲይዙኝ በዚያ ጥያቄ ምክንያት መስሎኝ መልሴን አሰናድቼ ገባሁ። የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነው።

“ኡባህ የት ናት?” አለኝ መርማሪው።

ጎልማሳ ነው። አማርኛው የአዲስ አበባ ነው፤ ሶማልኛ አይችልም። ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ነበር፤ በዚያ አቧራ እንዴት እንደሚሆንለት አላውቅም። ማን እንደሆነች የማላውቃት ሴት ጠፍታ እኔን የጠረጠሩኝ መሰለኝ። እሱ ስልኬን አነሳና፣ ሸደር መጠለያ ጣቢያ በነርስነት ለሚሠራው ጓደኛዬ የላክሁትን መልእክት ቀስ ብሎ አነበበልኝ።

“ኡባህን ቆረጥኳት። እሾኋን አንስቼ፣ ማር ቀብቼ፣ ጓሮ ቀብሬያታለሁ። ሥር ስትሰድ ይዣት እመጣለሁ። እስከዚያ ማንም አይነካትም።”

የራሴን ጽሑፍ በሰው አፍ ስሰማው እኔም ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤቴ የኤዶ አጥር ላይ ቀይ ጽጌረዳ አለች። ኤዶ ሶማሌዎች አክስታቸውን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ እሳቸውን ግን ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚላቸው። አማርኛቸው ትንሽ ነው፤ የእኔ ሶማልኛ ከዚያም ያነሰ። ከጽጌረዳዋ ዘንግ ቆርጬ ላባዛ ብዬ ስለምናቸው፣ በጣታቸው እያሳዩ “ኡባህ፣ ኡባህ” አሉኝ። እኔም የባዮሎጂ መምህር አይደለሁ፤ የአገሬውን የጽጌረዳ ዝርያ ስም አገኘሁ ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ ያቺን አበባ በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም፤ ጓደኛዬም የሚያውቃት በዚሁ ስሟ ነበር።

ለመርማሪው ይህንኑ ነገርኩት። ኡባህ የጽጌረዳ ዝርያ ናት አልኩት። እሱም በር ላይ የቆመውን፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነውን ጥበቃ ጠርቶ ኡባህ የምትባል ጽጌረዳ ታውቃለህ ወይ ሲል ጠየቀው። ጥበቃው አሰበ። ጽጌረዳ የሚለው ቃል ጆሮው ገብቶ እንደማያውቅ ፊቱ ይናገራል።

“ኡባህ የሴት ስም ነው፤ እህቴም ኡባህ ናት” አለ። “ጽጌረዳ የምትባል ግን አላውቅም።”

መርማሪው ጻፈ። የሚፈለጉት ሴቶች ሁለት መሆናቸው ነው ብዬ ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

በክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የኤረር ፍየል ነጋዴ፣ ጺማቸውን ሂና ያቀሉ። እርስዎን ለምን ያዙዎት ስላቸው፣ እነሱም ምክንያቱን እየፈለጉት ነው አሉኝ። እኔ አደር እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት። እሳቸው መዓሊን ይሉኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው። የኡባህን ነገር ሳወራላቸው ዱቄቱ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

“መዓሊን፣ ኡባህ ማለት እኮ አበባ ነው” አሉኝ። “የአንተም፣ የዱባውም፣ የግራሩም፣ ሁሉም ኡባህ ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ ደግሞ እንዲያ ብለን እንሰይማታለን።”

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ አፈርኩ። ስድስት ዓመት በኖርኩበት አገር አበባን አበባ ማለት አለማወቄ አሳፈረኝ። በማግሥቱ ጠዋት ሲጠሩኝ እየተጣደፍኩ ለመርማሪው አስረዳሁት። እሱም በትዕግሥት ሰማኝ።

“ትናንት ዝርያ ናት አልክ። ዛሬ ማንኛዋም አበባ ናት ትላለህ። ነገስ ማን ልትሆን ነው?”

እውነቱን ነው፤ ቃሌ ተለዋውጧል። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አላምንም ነበር። ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። ኡባህ ማን እንደሆነች፣ የት እንዳለች ጽፌ ብፈርም በዚያው ቀን ቤቴ እንደምገባ ነገረኝና እስከ ከሰዓት ጊዜ ሰጠኝ።

ላልዋሽ፣ ልጽፍ ነበር። አራተኛ ቀኔ ነው፤ ሸሚዜ ይሸተኛል፤ ቤቴን ከምናገረው በላይ ፈልጌዋለሁ። የሌለች ሴት ብፈጥር ማንን እጎዳለሁ ብዬ አሰብኩ። ዕድሜ ሰጠኋት። ሩቅ ነው ብዬ አፍደም ከተማ አስቀመጥኳት። ሐሳቤን ለአደር ስነግራቸው ሻያቸውን ሊጠጡ አንስተው ነበር፤ መልሰው መሬት አስቀመጡት።

“መዓሊን፣ እዚህ አገር የሌለች ኡባህ የለችም” አሉ። “አንተ ጻፍ፤ እነሱ አንዷን ያመጧታል። አፍደም እኔ የማውቃት አንዲት አለች፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይ ትሸጣለች።”

ያን ጊዜ የስም መጥሪያዬ ትዝ አለኝ። አሥረኛ ‘ለ’ ውስጥ ሦስት ኡባሆች አሉኝ። አንዷ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። አንዷ ሁልጊዜ ታረፍዳለች። ሦስተኛዋ ዝምተኛ ስለሆነች ድምጿን የምሰማው ስም ስጠራ ብቻ ነው። የፈጠርኳትን ሴት ተውኳት። በአንድ ስም የተነሳ ሰው እንደሚታሰር ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም፤ እኔው እዚያው ተቀምጫለሁ።

“ስለ ኡባህ የማውቀውን ሁሉ እንድጽፍ ታዝዣለሁ” ብዬ ጀመርኩ። እርሳስ የሚያክል፣ አበባው የረገፈ ዘንግ ተመርጦ ቅጠል ከሚወጣበት ከዓይኑ ሥር በሰያፍ ይቆረጣል፤ የታችኛው ቅጠልና እሾህ ተነስቶ ከላይ ሁለት ቅጠል ይቀራል አልኩ። አንድ ማንኪያ ማር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበጠበጣል፤ ማሩ ሥር አያበቅልም፣ የተቆረጠው ቦታ እንዳይበሰብስ ይጠብቃል እንጂ። ማር ያጣ የእሬት ዝልግልግ ይቀባል። የተወቀጠ ቀረፋም ይረዳል። ድንች ውስጥ ሰክተው የሚቀብሩ አሉ፤ እኔ ሞክሬው የበቀለው ድንቹ ነው። ከዚያ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተተክሎ፣ ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ተደፍቶበት ጥላ ሥር ይቀመጣል። ሥር ሰዳ እንደሆነ ለማየት መነቅነቅ አይገባም፤ የሚገድላት እሱ ነው። መጨረሻ ላይ “በዚህ መልእክት ውስጥ ሌላ ኡባህ የለችም” ብዬ በእያንዳንዱ ገጽ ሥር ፈረምኩ።

መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበው። በጥፊ ይለኛል ብዬ አንገቴን አደነደንኩ። እሱ ግን ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

“ቀረፋው ከማሩ በፊት ነው በኋላ?”

ወጥመድ ነው? ቤቱ ጽጌረዳ አለችው? ወይስ በሚቀጥለው ቀን መልሶ ጠይቆኝ ቃሌ ይለዋወጥ እንደሆነ ሊያይ ነው? “በኋላ” አልኩት፤ “ማሩ ያጣብቀዋል።” አንድ ነገር ጻፈ። መዝገቡ ላይ ይሁን ሌላ ወረቀት ላይ፣ ከተቀመጥኩበት አይታይም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት “ውጣ” አሉኝ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። አደር ተነሱና ጀርባዬን በመዳፋቸው አራገፉልኝ፤ ያልለቀቀውን ዱቄት ለተማሪዎችህ ጠመኔ ነው በላቸው አሉኝ። እሳቸውን እዚያ ትቼ መውጣቱ ከገባሁበት ቀን ይልቅ ከበደኝ። ከወራት በኋላ በሌላ ፍየል ነጋዴ እጅ ከኤረር ሰላምታ ልከውልኛል፤ እሳቸውንም ለምን እንደያዟቸው ሳይነግሯቸው ነው የለቀቋቸው።

ቤቴ ስደርስ ጓሮዬ እስከ ወገብ ድረስ ተቆፍሯል። ሰው ሲፈልጉ ነበር። ዘንጎቹ አንድ በአንድ ተነቅለው ፀሐይ ላይ ደርቀዋል። አፈሩ ክምር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለጽጌረዳው ይሁን ለራሴ ለይቼ አላውቅም። ኤዶ በአጥሩ በኩል አይተውኝ ቆዩና እጄን ይዘው ወደ ግቢያቸው ወሰዱኝ። ከውሃ በርሜላቸው ጀርባ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ፣ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ለቅመው የተከሏት አንዲት ዘንግ ቆማለች። “ኡባህ” አሉኝ በጣታቸው እያሳዩ። አሁን ግን ገባኝ።

የማይገባኝ ግን አሁንም ብዙ ነው። ማን እንደያዘኝ አላውቅም። ስለ ስብሰባው ጥያቄ ለምን አንድም ቃል እንዳላነሱብኝ፣ የለቀቀኝም ያ ጽሑፍ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም። አሁንም እዚያው አስተምራለሁ። እነዚያ ሦስቱ ኡባሆች ጨርሰው ወጥተዋል፤ ሌሎች ኡባሆች መጥተዋል። ድሮ ስም ስጠራ አቀርቅሬ ምልክት እያደረግሁ ነበር የማልፈው። አሁን እዚያ ስም ላይ ስደርስ ቀና እላለሁ፤ ፊቷን ሳላይ አላልፍም።

“ኡባህ” እላለሁ።

“አለሁ፣ መዓሊን” ትላለች።