ከበረንዳው በውሃ የሄደችው ኬ

እንደ ፈረንጆቹ በ2020፣ በዐቢይ ጾም፣ በሽታው ሰውን ሁሉ ቤት በዘጋበት ሰሞን፣ ዐረብ አገር፣ ራውሼ በሚባል ሰፈር፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ካለ ቤት የማዳሜን እናት እጦር ነበር። ቴታ እላቸዋለሁ፤ እዚያ አገር አያትን እንደዚያ ይጠራሉ። ዕድሜ ልካቸውን እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ያን ዓመት ግን ቃል ይጠፋባቸው፣ መነጽራቸውንም ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ ጀመር። አእምሮዬ ሊከዳኝ ነው ብለው ይፈሩ ነበር።

ባሕሩ ዳር መውጣት ሲከለከል በረንዳ ላይ የፊደል ጠጠር መጫወት ጀመርን። በየጠጠሩ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ነጥቡ አለ፤ ከከረጢት እያወጡ ቃል መሥራት ነው። መጀመሪያ ቁማር መስሎኝ ሳማትብ በሳቅ ሞቱ።

አንድ ቀን «ኪፕ» የሚለውን ቃል ሠሩ።

«ኬ አምስት፣ ሁለቱ ኢ አንድ አንድ፣ ፒ ሦስት፤ አስር! መያዝ ማለት ነው፤ ማስቀመጥም ነው። ዶሮ ማርባትም፣ ቃልን ማክበርም። አንቺ የምትይዢው ጾምም ኪፕ ነው።»

«ይህን ሁሉ ሥራ በአስር ነጥብ ብቻ?»

«እንዳንቺው ነዋ፣ ቢንቲ፣ ልጄ!» ብለው ሳቁብኝ።

በማግስቱ በረንዳውን ሳጥብ፣ እንደ አገሩ ወግ ውሃ በባልዲ ደፍቼ ወደ ቱቦው ስገፋ፣ ከጠረጴዛ ሥር አንዲት ጠጠር ከውሃው ጋር ስትንሸራተት አየሁ። ጎንበስ ከማለቴ ቱቦው ዋጣት። ኬ ነበረች፤ ከመቶው ጠጠር ኬ አንዲት ብቻ ናት።

ማዳሜን ፈርቼ ዝም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ቴታ ጠጠሩን ቆጠሩ፤ ዘጠና ዘጠኝ፤ ኬ የለችም። ደግመው ቆጠሩ። ኪሳቸውን፣ ኋላም ፍሪጁን ፈተሹ።

«የት አኑሬያት ነው? ያኒ፣ ኸላስ፣ አለቀልኝ» አሉ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመስኩም። ግን እኚህን ሴት በገዛ አእምሯቸው እያስጠረጠርኩ ምን ጾም አለኝ? እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ።

«ቴታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በረንዳውን ሳጥብ ውሃው ወሰዳት። እያየሁ ዝም አልኩ።»

ቁጣ ስጠብቅ፣ «እኔ አይደለሁም?» አሉኝ።

«እርስዎ አይደሉም።»

«ማዪልኝ!»

«ጾም ላይ ነኝ፣ አልምልም። ግን እውነቴን ነው።»

ራሴን ደባበሱኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከዚያ፣ «ያላ፣ ከዚያ ከጾምሽ አደንጓሬ አንዲት ፍሬ አምጪ» አሉ። ነጯን መርጬ ሰጠኋቸው። በእስክሪብቶ ኬ ጻፉባት።

«ነጥቧስ?» አልኳቸው።

«አምስት» አሉ። «አልረሳሁም።»