በጓሮዬ የሠራሁት በረዶ

እማዬ ዛሬ አባዬን በበረዶ መታችው።

የምንኖርባት የአሜሪካ ከተማ ፌርፋክስ ዘንድሮ በረዶ አልጣለባትም። የበረዶ መፍጫ ማሽን ተከራይቼ ጓሮውን ነጭ አደረግሁት። (ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ በአጥር አይተው፣ "ሶ፣ ይሄን ሁሉ ማን ሊጠርገው ነው?" አሉኝ።)

እማዬና አባዬ በ1970ዎቹ በረዷማዋ ሚኒሶታ ተማሪ ሳሉ፣ አባዬ ለጥምቀት የሚወረውርላት ሎሚ ቢያጣ በረዶ አድቦልቡሎ ደረቷን መታት። በዚያው ተጋቡ።

አሁን እማዬ ትረሳለች። ባሏን "ጋሼ" እያለች እንደ እንግዳ ታየዋለች። ዛሬ ጥምቀት ስለሆነ በረዶው ያስታውሳት እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው። ባታስታውሰውስ?

ሁለቱንም ወደ ጓሮ አወጣኋቸው። እማዬ በረዶውን ጨበጠች፣ አድቦለቦለች፣ ደረቱ ላይ ወረወረችው።

"ኧረ ምን አጠፋሁ?" አላት።

"አንተ አይደለህ የጀመርከው!"

አባዬ ሸሚዙ ላይ ያለውን በረዶ አላራገፈም። እስኪቀልጥ ቆመ።

የእናንተ አባትና እናትስ እንዴት ተዋወቁ? እስቲ ጠይቋቸውና ጻፉልኝ።