የሚያፈሰው ፓምፕ

ከቢቸና ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው በፎጣ የተጠቀለለ የውሃ ፓምፕ ታቅፈዋል። ኮታቸው በደንብ ተተኩሷል፤ ሱሪያቸው ግን እስከ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ነው። መኪናው በነጠረ ቁጥር ፓምፑን በሁለት እጃቸው ከፍ ያደርጉታል።

"ምን ሆኖ ነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"ያፈሳል። ክረምት ሲገባ ከቤታችን ወለል ሥር ውሃ ይፈልቃል። ጉድጓድ ቆፍሬ በዚህ ነበር ወደ ውጭ የማስወጣው። አሁን የሳበውን መልሶ እዚያው ይደፋዋል።"

ቀዳዳውን ያገኙት ፓምፑን አድርቀው ዱቄት ነስንሰውበት ሲያስነሱት ነው። ዱቄቱ በረጠበበት በኩል ብረቱ ተሰንጥቋል። የቢቸናው ጠጋኝ በማጣበቂያ ቢደፍነውም ውሃው በጎን ወጣ።

"ቤት ማን አለ?"

"እናቴ። እግሯ አይሄድም። አልጋዋን በብሎኬት ከፍ አድርጌላታለሁ። ጎረቤት ልውሰድሽ ብላት፣ ከዚህ ቤት የሚያወጣኝ ቃሬዛ ነው አለችኝ።"

ጎረቤቶቻቸው ስልክ ደወሉላቸው። "ብሎኬቱን አለፈው?" ብለው ጠየቁ። መልሱን ሰምተው ፓምፑን ጠበቅ አድርገው ያዙ። "እስክመጣ በባልዲ ቅዱልኝ እባካችሁ።"

ሞጣ ስንደርስ ይዘንባል። ሰዎች የጠቆሟቸው በያጅ ለቅሶ ሄዶ ቤቱ ተዘግቷል። ሌላ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እኔም ለከተማው እንግዳ ነበርኩ።

"እሺ ወንድሜ" አሉኝና ፓምፑን በኮታቸው ሸፍነው መንገድ ዳር ቆሙ። አንድ ባጃጅ አጠገባቸው መጥቶ "ወዴት ነው አባት?" ሲላቸው ኮቱን ገለጥ አድርገው ፓምፑን ለሾፌሩ አሳዩት።