አርሞኒካዋ የምታፍርበት ቦታ

ወንድሜ በአርሞኒካ መንፋት የሚችለው አንድ ዜማ ብቻ ነበር። እሱም ሙሉ አልነበረም። መሃል ላይ አንዷ ቀዳዳ ድምፅ አትሰጥም፤ እዚያ ሲደርስ በአፍንጫው «እም» ብሎ ያልፋታል። ስንስቅበት፣ «እዚች ጋ ታፍራለች፤ እኔ እናገርላታለሁ» ይለን ነበር።

ባለፈው ክረምት ሸኮ መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌቱ ተገልብጦበት ሞተ። አርሞኒካዋ ቴፒ ቡና መፈልፈያ ሲሠራ ይለብሰው በነበረው ጃኬት ኪስ ውስጥ ቀረች። በከተማችን በሚዛን፣ በዝናብ ወራት ጫማ እንኳ ይሻግታል። እሷንም ሳገኛት አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች። ብነፋት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ያቺን ዜማ እቤታችን ውስጥ አንድ ጊዜ መስማት ፈለግሁ። ሌላ ነገር አልፈለግሁም።

ከሰፈራችን ሞባይል ጠጋኝ ቀጭን ካቻቢቴ ተውሼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ አመድና ሎሚ ይዛ መጣች።

«እማ፣ ድስት አይደለችም እኮ።»

«ድስት ብትሆንማ እስካሁን ታበራ ነበር» አለች።

አመዱን መልሼ ሎሚውን አስቀረሁ። ሁለቱን የብረት ክዳኖች ፈትቼ ሎሚ በነካ ጨርቅ ወለወልኳቸው፤ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቄ አደረቅኋቸው። ፊቴ ታየባቸው።

ከክዳኖቹ ሥር የተደረደሩትን የነሐስ ምላሶች ግን ፈራኋቸው። ድምፁ የሚወጣው እነሱ ሲርገበገቡ ነው፤ ስስ ናቸው። አንዷ ከተጣመመች ዜማው አለቀለት። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ከተያዙበት ወደ ጫፋቸው ብቻ፣ ቀስ እያልኩ ጠረግሁ። ታላቅ እህቴ ከኋላዬ ቆማ፣ «ፊዚክስ ተምሬያለሁ ስትል ይሄን ነበር?» አለችኝ።

ከዚያ አየሁት። በዝምተኛዋ ምላስ ሥር የቡና ገለባ ተሸጉጧል። እንደ ጥፍር ቁራጭ ነው። ወንድሜ በምሳ ሰዓት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሲነፋ የገባ መሆን አለበት።

እጄን ሰበሰብኩ።

«ምን ሆንክ?» አለች እህቴ።

«ይሄ ከወጣ... እሱ የሚናገርላት ቦታ አይኖርም።»

እናቴ ጎንበስ ብላ አየችው።

«አውጣው። ልጄ ንጽሕና ይወድ ነበር።»

«ማን? እሱ?» አለች እህቴ። «እማ፣ ካልሲው እኮ ያለ እግር ይቆም ነበር!»

እናቴ ሳቀች። ከለቅሶው ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን አልቆም አለ። ሳቋ ሳያልቅ ስስ ወረቀት በነሐሷ ምላስ ሥር አሾልኬ ገለባውን ሳብኩት። መጣ።

ክዳኖቹን መልሼ አሰርኩና ነፋሁ። ስነፋ እየቆምኩ፣ እየሳትኩም ነው። እዚያ ቦታ ስደርስ ቀዳዳዋ ጮኸች፤ ጥርት ብላ፣ ያለ ምንም ሐፍረት። እናቴና እህቴ ግን የሰሟት አልመሰለኝም። ሁለቱም በአፍንጫቸው «እም» ብለው አለፉ።